ከፍየሎቹ ጋርስ እንዴት ነው?

የእህቴ ልጅ፣

እሑድ ማታ ስትደውዪልኝ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ቢቆረጥም ነገርሽ ገብቶኛል። ሁለተኛ ክፍል ከምታስተምሪያቸው አንዱ ልጅ ቁጭ በል ሲሉት ብድግ ይላል፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይጮኻል፤ እርሳሱን በሳምንት ሦስቴ ይጥላል፤ ደብተሩ ላይ የጀመረው ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ባልደረባሽ «አርጩሜ ነው መድኃኒቱ» አለሽ። ጎረቤቶቹ «ዓይን በልቶት ነው» አሉ። አንቺ ደግሞ ስልክሽ ላይ «ኤዲኤችዲ» የሚባል ነገር አንብበሽ «እሱ ይሆን እንዴ ጋሼ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ መልስ ሳልጀምር መስመሩ ጠፋ።

ሐኪም አይደለሁም። በዋግ፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ 32 ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙውን ያነበብኩት ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ማለትም ለተማሪዎቼ ከሚጠቅምበት ጊዜ በኋላ። ለአንቺ ግን ገና ነውና እንዲህ በቁጥር አድርጌ ጽፌልሻለሁ።

1. ስም ከማውጣትሽ በፊት ስለ ፍየሎቹ ጠይቂ።

በአማርኛ «የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር» ብንለው የሚያስኬደው ይህ ነገር ልጁ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ አላቸው። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩና ኑሮውን የሚያሰናክሉ መሆን አለባቸው። ፈረንጆቹ «ከአንድ በላይ ቦታ» ሲሉ ቤትንና ትምህርት ቤትን ያስባሉ። እኛ ጋ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ እሱም መስኩ ነው። እናቱን ስታገኚያት «ትምህርት ላይ ሰንፏል» ብለሽ አትጀምሪ። «ከፍየሎቹ ጋርስ እንዴት ነው?» በያት። ወዲያው ታወራሻለች፤ በዋግ ስለ ፍየል ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው አላየሁም።

መልሷን ስትሰሚ ግን ተጠንቀቂ። ፍየል ማገድ ሩጫ አለው፣ ገደል አለው፣ ድንጋይ ውርወራ አለው። ቅብጥብጡ ልጅ እዚያ ጀግና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ልቡን የሚስብ ነገር ሲያገኝ ሰዓታት ይቆይበታል፤ ሰው «ሲፈልግማ ይችላል» የሚለው ይህንን አይቶ ነው። የሚከብደው የማይስበውን ነገር ይዞ መቆየት ነው። ስለዚህ የእረኝነቱን አሰልቺ ክፍል ጠይቂ። ማታ ፍየሎቹን ይቆጥራል? የበረቱን በር ይዘጋል? ቆላ ወርዶ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ ማማው ላይ ይቆያል ወይስ ወፉ ሰብሉን ሲጨርስ እሱ ወንዝ ውስጥ ይገኛል? ጨው ግዛ ተብሎ ሲላክስ?

በረቱንም ማሽላውንም በደንብ የሚጠብቅ ልጅ አንቺ ክፍል ሲገባ ብቻ የሚቅበጠበጥ ከሆነ ክፍልሽን መርምሪ። አትቀየሚኝ፤ የእኔም ክፍል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነበር።

2. ረሃቡን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ እንቅልፉን፣ ቋንቋውን አስቀድሚ።

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በእኛ አገር ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነውና።

የከተማችን ስም ከዋግ ውጭ በስፋት የሚነሳው በአንድ ሰነድ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። መቀንጨር ቁመት ላይ ይታያል እንጂ ጉዳቱ ወደ አእምሮም ይዘልቃል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተጎዳ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ፊደል ፊት ቀርቦ ሊደክመው ይችላል። አንቺ ፊት ካሉት ልጆች መካከል ድርቅ የዋግ ወረዳዎችን በመታበት ጊዜ ጡት ይጠቡ የነበሩ ሊኖሩ ይችላሉ። ያለፈውን መመለስ አትችዪም። የዛሬውን ቁርስ ግን መጠየቅ ትችያለሽ፤ ለብቻው ጠርተሽ ጠይቂው እንጂ በሰው ፊት አታድርጊው። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የሚብስበት ልጅ ሆዱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጆሮው። ከኋላው ቆመሽ በሹክሹክታ ስሙን ጥሪ። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ «እንቢተኛ» ተብሎ ሲቀጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኑ፤ ከሰሌዳው ሲገለብጥ ይስታል? ከአጠገቡ ልጅ ደብተር ሲገለብጥስ? ሁለቱ ከተለያዩ ችግሩ ከዓይን ሊሆን ይችላል። ትራኮማ በአካባቢያችን እንግዳ አይደለም።

የሚጥል በሽታ ሁሉ መሬት ላይ አይጥልም። አንዱ ዓይነት ልጁን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያፈዘዋል፤ ቃል ከአፉ እንደወጣ ይቆማል፣ ቢጠሩት አይሰማም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። «ፈዛዛ» የምትዪው ልጅ እንደዚህ ከሆነ ትከሻውን ንኪው። በሐሳብ የጠፋ ልጅ ሲነኩት ይመለሳል። ይኸኛው ካልተመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒት አለው።

ቆላ የኖረ ልጅ ከሆነ ወባ ታሞ እንደሆነ፣ በተለይም ራሱን እስኪስት ታሞ እንደሆነ ጠይቂ፤ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ካለፈም በኋላ ትኩረት ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ውኃ ለመቅዳት ዶሮ ሳይጮህ የሚነሳ ልጅም አለ። እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ያንጎላጃል፤ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቋንቋስ? አንቺ ኽምጣና አትናገሪም። እሱ ደግሞ ቤቱ የሚሰማው ኽምጣና ከሆነ አንቺ በአማርኛ የምትናገሪው ነገር ለእሱ የወንዝ ድምፅ ነው። በማይገባህ ቋንቋ አራት ክፍለ ጊዜ ቁጭ በል ብባል እኔም መስኮት መስኮቱን አያለሁ። አንድ ቀን ኽምጣና የሚችል መምህር ተረት ይንገረው፤ አንቺ ዓይኑን እዪ።

የሰሜኑን ጦርነትም አትርሺ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ገብቶ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን አንቺ ከሩቅ ሰምተሽዋል። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወለህ መጠለያ ያደጉ ልጆች አሉ። በር ሲጋጭ የሚዘልል፣ ዓይኑ በሩ ላይ የተተከለ፣ ሌሊት የሚባንን ልጅ ትኩረቱ አልጠፋም፤ አደጋ ጥበቃ ላይ ውሏል። የሚያስፈልገውም ሌላ ነው።

በመጨረሻ ዕድሜው። እኛ ጋ የልደት ቀን የሚነገረው «በአጨዳ ጊዜ ነው»፣ «በኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው» ተብሎ ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ክፍል ካሉት ሁሉ ታናሽ የሆኑት በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች ታላላቅ ከሆኑት በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ 30 በመቶ ያህል በብዛት ኤዲኤችዲ ተብለዋል። ልደት በሰነድ በሚመዘገብበት አገር ይህ ከሆነ፣ የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት ክፍል ምን ያህል እንደምንሳሳት አስቢው።

3. ይህ ሁሉ ተጣርቶ ከቀረ፣ ነገሩ እውነተኛ መሆኑን እመኚ።

«የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉ ይገጥሙሻል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቶሎ አልገባቸውም። ጆርጅ ስቲል የተባለው የለንደን ሐኪም በ1902 እ.ኤ.አ. ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ባደረገው ዝነኛ ንግግር ነገሩን የግብረ ገብ ጉድለት አድርጎ ነበር የገለጸው፤ ባልደረባሽ ከሚለው ብዙም አይርቅም። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የልጆችን አንጎል በምስል የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ የእነዚህ ልጆች የአንጎል ቅርፊት ከእኩዮቻቸው በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ እንደሚበስል አገኙ። በተለይ የዘገየው ትኩረትንና ራስን መግታትን የሚመራው ክፍል ነው። ካለጊዜው መወለድና ሲወለዱ ክብደት ማነስ ደግሞ ዕድሉን ይጨምራሉ። ስኳር ግን አያመጣውም፤ የእናት ስንፍናም አያመጣውም።

በዓለም ደረጃ ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። በኦሮሚያ ገጠር በግርጃ ወረዳ ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ 7.3 በመቶ አግኝቷል። ስለዚህ 60 ልጅ በሚቀመጥበት ክፍልሽ ሦስት ወይም አራት ቢኖሩ አትገረሚ። አንዱ ያው የምታውቂው ነው። ሌሎቹን ገና አላየሻቸውም።

4. አርጩሜውን ጣዪ።

በ1989 ዓ.ም. አንድ ልጅ ነበረኝ። ትምህርት ቤቱን አልጠራውም። እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ስም ስጠራ ሦስት ጊዜ ከቦታው ተነሳ፣ በሦስተኛው ገረፍኩት። በማግስቱም ገረፍኩት። በሳምንቱ አልመጣም፤ እኔም ክፍሉ ጸጥ ስላለ ደስ አለኝ። የምጽፍልሽ ይህን ደስታዬን ጭምር ነው።

ከ19 ዓመት በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት፤ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ረዳት ሆኗል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ ሲያስር፣ ወርዶ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ሰው ሲጠራ፣ እግሩ መሬት አይነካም። አወቀኝ። የእኔን ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ከአጠገቤ ላሉት አዛውንት ግን መልሳቸውን መስጠት ረስቶ ሄደና ጮኸው ጠሩት። ተመልሶ ሲመጣ እየሳቀ «መምህር፣ ያኔ እኮ መቀመጥ እየፈለግሁ ነበር» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ መኪናው ተነሳ።

ግርፋት ለአፍታ ያስቀምጣል። ፍርሃቱ ሲበርድ እግሩ ይመለሳል፤ የሚጨመረው ትምህርት ቤትን መጥላት ነው። ደግሞም በሕግ ተከልክሏል።

5. ከየኔታ መልካሙን ውሰጂ፣ ክፉውን ተዪ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ዛፍ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ ሳስበው፣ ያ ቦታ ለቅብጥብጥ ልጅ ከዛሬው ክፍል ይሻል ነበር። ሁሉም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሰውነት ከንባቡ ጋር ይወዛወዛል፤ ዝም በል የሚል የለም። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ የራሱን ልክ ያህል ይቀበላል፣ ካልያዘው ያንኑ ይደግማል። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። ማንም ከማንም ጋር እኩል አንድ ገጽ ላይ እንዲገኝ አይጠበቅም ነበር።

የሸሸ ልጅ በእግር ብረት የሚታሰርበትም ያው ቦታ ነበር። «ድሮ ቀረ» ብለው የሚያዝኑ እኩዮቼ ይህን ሲያወሩ አይሰሙም።

6. ክፍልሽ ውስጥ እነዚህን ሞክሪ።

ከፊት አስቀምጪው፤ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ፣ ከአንቺ እጅ ቀረብ። ልጆቹን በቡድን ስታደራጂ ትዕግሥተኛ ልጅ አጠገብ ይሁን፤ ጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ ትዕግሥተኛ አይደለም።

ትእዛዝ አንድ አንድ ይሁን። «ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ገጽ 14 ግለጡ፣ ጥያቄ 3 ሥሩ» ስትዪ እሱ ጋ የሚደርሰው ደብተሩ ብቻ ነው። ለሌላው አራቱንም በይ፤ ለእሱ ዓይኑን አይተሽ አንዱን ንገሪውና «ምን አልኩህ?» ብለሽ አስደግሚው። አሥር ጥያቄ ከሰጠሽ ለእሱ ሦስቱን አስምሪለት። ሲጨርስ ያሳይሽ፣ ከዚያ ሦስት ጨምሪ።

መንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ልጅ በሥራ አንቀሳቅሺው። ሰሌዳ ይጥረግ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ጠመኔ ከቢሮ ያምጣ። ሊፈነዳ ሲል ሳይሆን ቀደም ብለሽ ላኪው። ቆሞ መጻፍ ከፈለገ ከኋላ ቆሞ ይጻፍ፤ የሚጽፈው በእጁ ነው።

ምስጋናም ሆነ ሽልማት ወዲያው ይሁን። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ሰኔ ላይ ሰርተፊኬት» የሚባለው ነገር የሚቀጥለው ዓለም ነው። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሽንብራ እጠቀም ነበር። ኪሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ እጅ አውጥቶ ከመለሰ አንዲት ሽንብራ ዴስኩ ላይ ጠብ፤ የጀመረውን ከጨረሰ ሌላዋ። አምስት ሲሞላ ደወሉን እሱ ይደውላል። ስትነጥቂ ግን እንዳላይሽ፤ ያገኛትን በጥፋቱ አትውሰጂበት። መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ ሽንብራውን እየበላ አስቸግሮኝ ነበርና ቆልቼ ማምጣቱን ተውኩ።

ከሁሉ በላይ የቀኑ ሥርዓት አይለዋወጥ። ለሌሎቹ አሰልቺ የሆነው ድግግሞሽ ለእሱ የእጅ ምርኩዝ ነው።

7. ዝም ያለችውን ልጅ ፈልጊ።

አትረብሽም፣ አትሮጥም፣ ማንም አይከሳትም። ከኋላ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። ችግሩ ያለ ቅብጥብጥነትም ይመጣል፤ ትኩረት ማነስ ብቻ ሆኖ። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ሳትታይ አራተኛ ክፍል ትደርስና «ትምህርት አይገባትም» ተብላ ለትዳር ትታጫለች።

8. ከወላጆቹ ጋር ስትነጋገሪ አባትየውንም ስሚ።

የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ስሙን እንዳታነሺ፤ ቤታቸው ሂጂ። መጀመሪያ የልጁን መልካም ነገር ተናገሪ፤ ከሌለሽ እስክታገኚ አትሂጂ። ጠባዩን ስትገልጪ አባቱ አንገቱን ደፍቶ «እኔም እንደሱ ነበርኩ» ሊልሽ ይችላል። በዘር የሚወረስ ነው ያልኩሽን አስታውሺ። ያ አባት በልጁ ላይ የሚጨክነው ራሱን ስለሚያይበት ይሆናል።

ጸበል እንወስደዋለን ካሉሽ አትሟገቺ። ይውሰዱት፤ ጤና ጣቢያም ይውሰዱት። ሁለቱን አስመራጭ ካደረግሻቸው የምትሸነፊው አንቺ ነሽ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አጋር አድርጊያት፤ ቤቱን ከአንቺ በፊት ታውቀዋለች። ከዚያ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የሕፃናት አእምሮ ስፔሻሊስት ግን ሩቅ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፍየል ሸጠው እንዲሄዱ ከመገፋፋትሽ በፊት ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ጨርሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያም የሚያስቀድመው ወላጅን ማሠልጠንና መምህርን ማገዝ ነው፤ መድኃኒት በስፔሻሊስት ምክር ብቻ።

ስለ መድኃኒቱ ጠይቀሽኝ ነበር። ሜቲልፌኒዴት ይባላል፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የሠራው ኬሚስት በሚስቱ በሪታ ስም «ሪታሊን» ብሎታል። ብዙ ልጆችን እንደሚረዳ በደንብ የተረጋገጠ ነው፤ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ዕድገትንም መከታተል ይፈልጋል። በሰቆጣ ቃል ኪዳን አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ ዘመድ በሻንጣ የሚልከውን ኪኒን ማንም ቢያመጣልሽ አትቀበዪ።

አንድ ነገር ያጽናናኛል። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነበር፤ ልጅ ጓዳ ይደበቅ ነበር። የጀመረችው እናት ስለሆነች ነው፤ ልጇ የሚገባበት ትምህርት ቤት ስላጣች። ኦቲዝምና የእኛ ጉዳይ ይለያያሉ፤ ጓዳው ግን አንድ ነው።

9. ክፍል አታስደግሚው ብዬ አልወስንልሽም፤ ግን ክፍል መድገም ብቻውን ምን እንደሚለውጥ ጠይቂ። ዘንድሮ ያልቻለው መቀመጥን ከሆነ፣ ከርሞም ያው ዴስክ ነው የሚጠብቀው።

10. አንቺም ትደክሚያለሽ። 60 ልጅ ይዘሽ ለአንዱ ሽንብራ መቁጠር ቀላል አይደለም፤ ጮኸሽበት የምትሄጂበት ቀን ይኖራል። በማግስቱ ስሙን ጠርተሽ ሰላም በዪው። እኔ እንደዚያ አላደረግሁም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ስትወጪ ደውዪልኝ። እናቱን እስከዚያ አግኝተሻት ከሆነ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ በረቱ በር ነው።

አጎትሽ